ባዶ ሆድ የሚፈልግ ካፕሱል፦ ፔኒሲላሚን 250 ሚሊግራም ከአምስት ዓመት በኋላ

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የምውጠው መድኃኒት ፔኒሲላሚን ይባላል። እያንዳንዱ ካፕሱል 250 ሚሊግራም ይይዛል፤ የሚሸጠውም በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው። ስለ ስልክና ስለ ምግብ ቤት ግምገማ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ መድኃኒት ግን ባስፈለገኝ ጊዜ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ፣ ከዚያም ወዲህ ሁለት ቤተሰቦች ስልኬን አፈላልገው እየደወሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለጠየቁኝ፣ የማውቀውን እዚህ ጽፌ አኖራለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ መድኃኒቱ የተባለለትን ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ሰዓቱን ለሚጠብቅለት ሰው ነው። ጎንደር ደግሞ ቡና ሳይጠጡና ጉርሻ ሳይቀበሉ ከሰው ቤት የማይወጡባት ከተማ ስለሆነች፣ ለእኔ የዚህ ካፕሱል ትልቁ ፈተና ከእንግዳ ተቀባይነታችን ጋር ያለው ጠብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ መጠኑን የሚወስነው፣ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው።

መድኃኒቱ የታዘዘልኝ ለዊልሰን በሽታ ነው። ይህ ሕመም በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ ሰውነት መዳብን የሚያስተናግድበት ሥርዓት ሲዛባ የሚመጣ ነው። መዳብ በምንበላው ሁሉ ውስጥ በጥቂቱ አለ፤ ሰውነትም ይፈልገዋል፤ የተረፈውን ጉበት ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት አውጥቶ ይጥለዋል። ይህን የማስወጣት ሥራ የሚሠራው ኤቲፒ7ቢ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ የአሠራሩ ትእዛዝ ያለው በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ከእናትም ከአባትም የዚህን ትእዛዝ የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ሰው መዳቡን ማውጣት ስለሚያቅተው፣ መጀመሪያ በጉበቱ፣ ቀጥሎም በአንጎሉና በዓይኑ ላይ ይከማችበታል። ወላጆች አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ቢኖራቸውም እነርሱን የሚያማቸው ነገር የለም፤ የሚወልዱት እያንዳንዱ ልጅ ግን ከአራት አንድ ዕድል በሽታውን ይወርሳል። ከ30,000 ሰው አንዱን ያገኛል ተብሎ በብዛት ይጠቀሳል። ስለዚህ «በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ አያውቅም» የሚለው የዘመድ ንግግር፣ በእኛም ቤት ብዙ ጊዜ የተደጋገመው፣ ምንም አያስረዳም።

የእኔ ሕመም የታወቀው በባንክ ቤት ነው ብል አላጋነንሁም። በ2012 ዓ.ም. በ24 ዓመቴ ገንዘብ ላወጣ ሄጄ፣ ገንዘብ ከፋይዋ ፊርማዬን ከተመዘገበው ጋር ብታስተያየው አልመሳሰል አላት። ደግሜ ፈረምሁ፤ ሦስተኛ ጊዜም ፈረምሁ፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው እንኳ አይመሳሰሉም ነበር። የምሠራው በመዝገብ ቤት ስለሆነ የእጅ ጽሑፌ እየጠበበና እየተንቀጠቀጠ መሄዱን ባልደረቦቼ ከእኔ አስቀድመው አይተውታል። ንግግሬ ይጎተት ጀመር፤ ስናገርም ምራቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር። በሰፈሩ መጠጥ የጀመርሁ መሰለ፤ እናቴ የሰው ዓይን ነው ብላ ጸበል አስጠመቀችኝ። ለስምንት ወራት የነርቭ ድካም ነው፣ ጭንቀት ነው እየተባልሁ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ከተመላለስሁ በኋላ፣ አንድ ወጣት ሐኪም የጉበት ምርመራዬና መንቀጥቀጤ አብረው መምጣታቸው ገርሞት ወደ ዓይን ሐኪም ላከኝ። የዓይን ሐኪሙ በልዩ የማጉያ መሣሪያ ሲያየኝ በጥቁሩ ዓይኔ ዙሪያ፣ በዳርቻው ላይ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ቀለበት አገኘ። ያ ቀለበት ካይዘር-ፍላይሸር ይባላል፤ በዓይን የተከማቸ መዳብ ነው። ከዚያ በኋላ በደም ውስጥ መዳብ ተሸካሚ የሆነው ሴሩሎፕላዝሚን ሲለካ ከ20 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሆነ፤ በ24 ሰዓት ሽንቴ የወጣው መዳብም በሽታውን ከሚያመለክተው ከ100 ማይክሮግራም ድንበር አለፈ። ፔኒሲላሚን የታዘዘልኝ በዚያው ሳምንት ነው።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ከስሙ የሚመጣ አንድ ጣጣ አለውና እሱን ላስቀድም። ፋርማሲ ደውላችሁ «ፔኒሲላሚን አላችሁ?» ብትሉ ከአምስቱ አራቱ «አዎ፣ የመርፌው ነው የሚዋጠው?» ይሏችኋል፤ የሰሙት ፔኒሲሊን ነው። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜን ማዘዣ አስይዤ ብልክ የጉሮሮ ቁስል የሚታከምበትን አንቲባዮቲክ ይዞ ተመለሰ፤ ማዘዣውን የተቀበለው ሰው የመጨረሻዎቹን ፊደሎች ሳያነብ እንደሸጠለት ገባኝ። ስለዚህ ቃሉን በስልክ ስጠይቅ ፊደል በፊደል እናገራለሁ፣ «ለመዳብ የሚሰጠው» ብዬም እጨምራለሁ። መመሳሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ፔኒሲላሚን መጀመሪያ የታወቀው ፔኒሲሊን ሲፈራርስ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሆኖ ነው። ጆን ዋልሽ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፔኒሲሊን የወሰዱ ሕሙማን ሽንት ውስጥ አይቶት ስለነበር፣ የዚህ ንጥረ ነገር ቅርጽ መዳብን ይዞ ለማውጣት ይችላል ብሎ ገመተ፤ ግምቱም ሠርቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1956 አሳተመ። ሕመሙን ኪንየር ዊልሰን በስሙ በሚታወቅበት ጽሑፍ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1912 ነውና በመካከል ያሉት ከ40 የሚበልጡ ዓመታት ሕሙማኑ እየተንቀጠቀጡ የሞቱባቸው ናቸው። ከዋልሽ ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረው ሕክምና በጡንቻ የሚወጋና እጅግ የሚያም መርፌ ነበር። የእኔ ካፕሱል በየቀኑ የሚሠራውም ዋልሽ የገመተውን ነው፦ መዳቡን ይዞ በሽንት ያወጣዋል።

ካፕሱሉ ራሱ ለመዋጥ አያስቸግርም። ብልቃጡ ሲከፈት ግን ሽታ አለው፤ በውስጡ ድኝ ስላለ የቆየ እንቁላል የሚመስል ሽታ ወደ አፍንጫ ይመጣል። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ወደ ገዛሁበት ተመልሼ ነበር። አልተበላሸም፤ ይሄ ጠረኑ ነው። እርጥበት ስለማይስማማው ክረምት ላይ ክዳኑን አጥብቄ እዘጋለሁ፤ በሳምንታዊ የኪኒን መያዣ ለብዙ ቀን ከፋፍዬ አላስቀምጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሰዓቱ እገባለሁ። ፔኒሲላሚን ከምግብ ጋር ከተወሰደ ብዙው ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል፤ ስለዚህ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ በውኃ መዋጥ አለበት። ወተት፣ የብረት ኪኒን፣ የጨጓራ ማስታገሻም ያሰናክሉታል። የእኔ መጠን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ካፕሱል ነው፤ በድምሩ በቀን 1000 ሚሊግራም። ጠዋት 12 ሰዓት እውጣለሁ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ እበላለሁ። ማታ 2 ሰዓት እራት እበላና 4 ሰዓት ላይ እውጣለሁ። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ነገር ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጎረቤት «ቡና ደርሷል» ብሎ ሲጠራ፣ ቡናው ብቻውን አይመጣም፤ ቆሎው፣ ዳቦው፣ ፈንዲሻው አብሮ ይቀርባል። ቡናውን ጠጥቶ የቡና ቁርሱን መተው በእኛ ዘንድ ኩራት ይመስላል፤ ከተበላ ደግሞ የማታው ካፕሱል ወደ 5 ሰዓት ከዚያም በላይ ይገፋል፣ እንቅልፍም ይቀድመዋል። በመጀመሪያው ዓመት ያሳለፍኋቸው መጠኖች ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ በሰው ቤት የተሳለፉ ናቸው። ሠርግና ተዝካር የባሰ ነው፤ አንዲት አክስቴ «ለእኔ ስትል» እያለች ያጎረሰችኝ ጉርሻ ሁለት ሰዓት አስጠብቆኛል።

መፍትሔው ያገኘሁት በመዋሸት ነው፤ አላፍርበትም። «ሐኪም ከምሽት 2 ሰዓት በኋላ እንዳልበላ ከልክሎኛል» ማለት ጀመርሁ። «መድኃኒት ስላለብኝ ሁለት ሰዓት መቆየት አለብኝ» የሚለው እውነት ክርክር ያስነሣል፤ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ይሆናል?» ያሰኛል። ክልከላ ሲሆን ግን ሰው ያከብራል። በጥምቀት ዋዜማ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ሲያድር እኔም አብሬ አድራለሁ፤ 4 ሰዓት ሲሆን ከኪሴ አውጥቼ በውኃ እውጣለሁ፤ ከአጠገቤ ያለ ሰው ዳቦ ቢቆርስልኝ ተቀብዬ በነጠላዬ ጫፍ እቋጥረዋለሁ።

ጾም ደግሞ ከተጠበቀው በተቃራኒ ለዚህ መድኃኒት ይመቸዋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ የጠዋቱ ካፕሱል የሚጋፋው ምግብ የለም፤ ለስምንት ሳምንት ያህል ጠዋቱ የእሱ ብቻ ነው። ካፕሱሉ የሚዋጥበት ውኃ ግን ጥያቄ ሆኖብኝ ስለነበር የንስሐ አባቴን አማከርኋቸው። የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይውሰድ ብለው ፈቀዱልኝ፤ በምቆርብበት ቀን ደግሞ የጠዋቱን መጠን ከቅዳሴ በኋላ ወስጄ፣ አንድ ሰዓት ቆይቼ እንድበላ እሳቸውም ሐኪሜም ተስማሙበት። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ሳይጠይቅ በራሱ ፈርዶ መድኃኒቱን በጾም ስለሚያቋርጥ ነው።

ጾም የሚያስቸግረው በሰዓቱ ሳይሆን በገበታው ነው። በመዳብ የበለጸጉ ምግቦችን፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ መቀነስ ያስፈልጋል። ከመድኃኒቱ ጋር የተሰጠኝ ወረቀት ጉበት፣ የባሕር ዛጎል እንስሳት፣ ለውዝ፣ ቸኮሌትና እንጉዳይ ይከለክላል። ከእነዚህ የባሕር ዛጎሉን መተው ለጎንደር ሰው ምንም አላስቸገረም። ጉበቱ ግን ዱለትን ይዞ ሄደ፤ የፋሲካ ጠዋት ቤተሰቡ ዱለት ሲቀማምስ እኔ ጥብስ ይዤ የምቀመጥበት ሰዓት እስከ ዛሬ አልለመደኝም። በወረቀቱ ላይ ያልተጻፉት ደግሞ የእኛው ናቸው፦ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ምስርና ሽምብራ ሁሉ መዳብ አላቸው። የጾም ገበታ ከእነዚህ ውጪ ምን ይቀረዋል? ሐኪሜ ሽሮውን አልከለከለኝም፤ የሱፍ ፍትፍቱንና የተልባ ውኃውን ግን እንድተው፣ ምስሩንም እንዳላበዛ ነገረኝ። በምግብ ብቻ ይህን በሽታ መቆጣጠር እንደማይቻል፣ ምግቡ የመድኃኒቱ ረዳት እንጂ ምትክ እንዳልሆነም አስጠንቅቆኛል።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። መድኃኒቱ በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ እኔም በአንድ ካፕሱል ጀምሬ በየሳምንቱ እየጨመርሁ ነው አራት የደረስሁት። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ወር እጄ ይባስ ተንቀጠቀጠ። በአንጎል ምልክት ለሚጀምራቸው ሕሙማን ይህ የታወቀ አደጋ ነው፤ ከሚባባስባቸውም አንዳንዶቹ ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ሐኪሜ አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር አላቋረጥሁም፤ ባይነግረኝ ኖሮ ግን ያን ጊዜ በእርግጥ እተወው ነበር። መንቀጥቀጡ ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ከዚያም ይቀንስ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ጣዕም ጠፋብኝ። በርበሬውም ጨውም ቅቤውም አንድ ሆኑብኝ፤ እናቴ «ወጡ ምን ሆነ?» እያለች በተጨነቀች ቁጥር «ጥሩ ነው» እላት ነበር። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጣዕሜ ተመለሰ።

በእኔ ላይ ያልደረሱ፣ ነገር ግን የሚደርሱ ነገሮች አሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳትና ሽፍታ ሊመጣ ይችላል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ፕላትሌት ይወርዳል፤ ኩላሊት ፕሮቲን በሽንት መልቀቅ ይጀምራል። ከነዚህ አንዱ ከታየ በቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ መድኃኒቱ ተለውጦ ሌላ የሚሰጣቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ፔኒሲሊን አለርጂ ያለባችሁም ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ እንዳትጀምሩት። ቆዳዬ ላይ የማየው ለውጥ በረጅም ጊዜ የመጣ ነው፦ ክርኔና ጉልበቴ በትንሽ ግጭት ይበልዛሉ፤ ቁስልም ይዘገይብኛል። ይህንንም ከመድኃኒቱ ጋር ያያዘው ሐኪሜ ነው። ከካፕሱሉ ጋር ቫይታሚን ቢ6 በየቀኑ ይታዘዛል፤ መድኃኒቱ ይህን ቫይታሚን ስለሚያሟጥጥ ነው። ቢ6 ከቲቢ መድኃኒቱ ከአይሶናያዚድ ጋር አብሮ የሚሰጥ ስለሆነ እሱን ማግኘት አላስቸገረኝም፤ ዋጋውም ለመጥቀስ የሚበቃ አይደለም።

ምርመራውን የመድኃኒቱ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሁለት ሳምንቱ የደም ሴል ቆጠራና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ነበረኝ፤ አሁን በየሦስት ወሩ ነው። ከሁሉም የሚከብደው የ24 ሰዓት ሽንት መሰብሰብ ነው። የመጀመሪያውን የጠዋት ሽንት ትደፋላችሁ፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለውን፣ የማግስቱን የመጀመሪያ ጨምሮ፣ አንድም ጠብታ ሳይቀር ላቦራቶሪው በሚሰጣችሁ የፕላስቲክ ዕቃ ታጠራቅማላችሁ። ብረት ነክ ዕቃ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል በራሳችሁ ማሰሮና ጀሪካን እንዳትሞክሩት። እኔ የሰበሰብሁት ቅዳሜ ቀን ሲሆን፣ ከገጠር የመጣች አክስቴ በመኝታ ቤቴ ጥግ ያየችውን ዕቃ ብርዝ መስሏት ልትቀዳ ስትል ደረስሁባት። ከዚያ ወዲህ በዕቃው ላይ በትልቁ «የላቦራቶሪ» ብዬ እጽፋለሁ። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ስለሚላክ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን የሚወጣው መዳብ ከ1000 ማይክሮግራም በላይ ነበር፤ የተጠራቀመው መውጣቱ ነው። አሁን በሕክምና ላይ ላለ ሰው ከሚፈለገው ከ200 እስከ 500 ማይክሮግራም መካከል ይውላል። ቁጥሩ ከዚህ ከወረደ ወይም ከወጣ ሐኪሙ ካፕሱሉን መውሰዴን ወይም መዘንጋቴን ያውቃል፤ ለእሱ መዋሸት አይቻልም።

ሠርቷል ወይ ለሚል፣ ማስረጃዬ ፊርማዬ ነው። በዓመት ከመንፈቁ ያንኑ ባንክ ቤት ሄጄ ፈረምሁ፤ ገንዘብ ከፋይዋም አስተያየችና ምንም ሳትናገር ከፈለችኝ። ንግግሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ስደክም ወይም ስበሳጭ ይጎተታል። በዓይኔ ያለው ቀለበት ደብዝዟል፤ የጉበቴ ምርመራም በመደበኛው ውስጥ ነው። ሥራዬን አልተውሁም። ከዚህ የበለጠ ከአንድ ካፕሱል አልጠብቅም።

የዚህ ግምገማ ዝቅተኛው ነጥብ የሚሰጠው ለመገኘቱ ነው። ፔኒሲላሚን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ቢሆንም፣ በከተማችን መደርደሪያ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ መድኃኒት አይደለም። የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ስለሆነ ነጋዴ አስመጥቶ ጊዜው እንዲያልፍበት አይፈልግም፤ ይህን እረዳለሁ። በአራዳና በማራኪ ያሉትን ፋርማሲዎች ሁሉ አንድ በአንድ ከዞርሁ በኋላ፣ አንዲት ፋርማሲስት ስሜን፣ የቀን መጠኔንና የስልክ ቁጥሬን በደብተር መዝግባ «ወንድሜ፣ አንድ ወር ሲቀርህ ንገረኝ እንጂ ሲያልቅብህ አትምጣ» አለችኝ። የዚያች ፋርማሲ ስም እንዲጻፍ ባለቤቷ አልፈለገችምና አልጠቅስም፤ ግን ጥሩ አገልግሎት ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት ከእሷ ነው። ትቆጥራለች፦ በቀን አራት፣ በወር 120 ካፕሱል። ያኔ እኔ ያልቆጠርሁትን እሷ ቆጥራ ትደውላለች። ሌላው ፋርማሲ ያደረገብኝ ግን በተቃራኒው ነው፤ «ነገ ይመጣል» እያለ አሥራ አንድ ቀን አመላልሶ በመጨረሻ ከየት እንደተሠራ የማያሳይ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የተፋቀ ብልቃጥ አቀረበልኝ። አልገዛሁትም። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብላችሁ ምንም ያህል ቢቸግራችሁ ተዉት፤ የመለያ ቁጥሩና ማብቂያ ቀኑ በግልጽ ያልታተመበትን ካፕሱል ለዕድሜ ልክ በሽታ መዋጥ ቁማር ነው።

ክምችት የመያዝ ጥቅም የገባኝ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ነው፤ በረራው ተቋርጦ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ በእጄ 52 ካፕሱል ነበረኝ፤ የ13 ቀን ማለት ነው። ሐኪሜን በስልክ ማግኘት ስላልቻልሁ በራሴ ፈቃድ መጠኑን ቀንሼ ለማብቃቃት አስቤ ነበር። ያቺ ፋርማሲስት ግን ከአንድ ሌላ ታካሚ ትርፍ አስለግሳ የ10 ቀን ጨመረችልኝ፤ መንገዱም ቀድሞ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሦስት ወር ክምችት ሳይኖረኝ አልተኛም። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ጉበትን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል፤ ደህና ሆኜአለሁ ብሎ የተወ ሰው ምልክቱ ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱ እንደ በፊቱ ላይሠራለት ይችላል። ጸበል ቦታ ስሄድም ካፕሱሌን ይዤ ነው የምሄደው። አንድ ጊዜ አጥማቂው «እምነት ካለህ ጣለው» ሲሉኝ፣ እሳቸውን ሳልከራከር ማታ 4 ሰዓት ላይ በጸበሉ ውኃ ዋጥሁት።

ዋጋው ለእኔ ከወር ደመወዜ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወስዳል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ በየግዢው ይለዋወጣል። ይህን ስናገር የማማርር እንዳይመስል ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፔኒሲላሚን ለማይስማማቸው ዋልሽ ራሱ ትሪየንቲን የሚባል ሌላ መድኃኒት አስተዋውቋል፤ ያ መድኃኒት በአሜሪካ 100 ካፕሱሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ከነበረበት 652 ዶላር በ2015 ወደ 21,267 ዶላር ወጥቶ ነበር። ፋርማሲስቷ ይህን ስነግራት ብልቃጤን አንሥታ አየችው፣ ከዚያም ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

በቤታችን ሁለተኛ ገምጋሚ አለ። እኔ ከተመረመርሁ በኋላ ሐኪሜ ወንድሞቼና እህቶቼ ሁሉ እንዲመረመሩ አጥብቆ አዘዘ፤ ምንም የማያመው የ19 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ በሽታው ተገኘበት። ለእሱ የታዘዘው ፔኒሲላሚን ሳይሆን ዚንክ ነው። ዚንክ መዳብን አያወጣም፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ መዳብን የሚይዝ ፕሮቲን እንዲበዛ በማድረግ ከምግብ የሚመጣውን መዳብ ወደ ደም ሳይገባ ያስቀረዋል። ስለዚህ ምልክት ላልታየበት ሰው፣ ወይም መዳቡ ከወጣለት በኋላ ለሚጠብቅ ሰው ይበልጥ ይስማማል። የአዋቂ መጠን በቀን ሦስት ጊዜ 50 ሚሊግራም ዚንክ ነው፤ እሱም ከምግብ ተለይቶ መወሰድ አለበት። በእኛ ዘንድ በቀላሉ የሚገኘው ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጠው ባለ 20 ሚሊግራም ኪኒን ስለሆነ ሐኪሙ በእሱ አስልቶ ጻፈለት፤ ሦስት ጊዜ በቀን፣ በየጊዜው ከሁለት በላይ ኪኒን። በእንጀራና በጥራጥሬ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንክን ስለሚይዘው ሰዓቱ ለእሱም ይከብዳል፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ያቅለሸልሸዋል። እኔ በቀን ሁለት ጊዜ የምጠብቀውን እሱ ሦስት ጊዜ ይጠብቃል፤ ያውም ምንም ሳያመው፣ ኳስ ከሚጫወትበት ሜዳ እየወጣ።

ይህን ጽሑፍ ከማኖሬ በፊት ስለ ዚንኩ ምን እንዲባልለት እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ጫማውን እያሰረ «ያቅለሸልሻል፤ እወስደዋለሁ» ብሎኝ ወጣ።